ሰማንያ ኪሎ ትርፍ

ባሌ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አምጥቶ ሳሎን መሃል፣ ምንጣፉን ገልጦ ሊሾው ላይ ሲያስቀምጠው፣ ነገር እየመጣ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅኩም። እንዲያውም «ጎሽ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቦርጩ አሳስቦት ነው» ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ እኮ ነኝ! በማግስቱ ከስፌት ቤቴ ስመለስ ምን አየሁ? ሰውዬው ሚዛኑ ላይ ቆሟል፤ ትልቁን ድስቴን ከነክዳኑ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ አንገቱን አስግጎ በድስቱ ጎን ቁጥሩን ለማየት ይታገላል።

«ስንት ይላል?» አለኝ።

«እንዴት ዋልሽ አይባልም?»

«እንዴት ዋልሽ። ስንት ይላል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁለት። ሰማንያ አራት ይላል።

«የኔ ሰማንያ ሲቀነስ፣ አራት» አለና ወርዶ ደብተር ላይ ጻፈ። ከዚያ መጥበሻውን አነሳና ተመልሶ ወጣ። እራት የተሠራው እሱ መዝኖ ሲጨርስ ነው፤ ማለትም አልተሠራም፣ ዳቦ በሻይ በልተን ተኛን።

ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ፣ አለዚያ አበደ ትላላችሁ። ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ከከተማው መውጫ ላይ ባለው የጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ በመኪና ስፋት ልክ የተሠራ ረጅም የብረት ሰሌዳ አለ፤ መኪናው ይወጣበታል፤ ኪሎው ከላይ በትልልቅ ቀይ ቁጥር ይበራል። ትርፍ የጫነ አያልፍም። ሹፌሮች ይለምኑታል፣ ይቆጡታል፣ የታመመች እናታቸውን ይጠሩበታል። የሱ መልስ አንድ ነው፤ «ፍንክች የለም!» እነሱም ስሙን ትተው «ፍንክች» አሉት። አሁን ፍንክች ካልተባለ ዞር ብሎ የማያይ ሆኗል።

ሌላው ይቅር፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ ወንበር የጫነችውን መኪና ጣቢያው ላይ አስቁሟት አርባ ኪሎ ትርፍ አገኘባት። ሙሽራ ነው እንግዲህ! ሱፉን ለብሶ፣ አበባውን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ አሥር ወንበር አስወረደ። አሥር ዘመዶቼ ሠርጌን ቆመው ዋሉ። እናቴ ነፍሷን ይማረውና እስከ መጨረሻዋ «ያ የወንበሩ ሰውዬ» ነበር የምትለው።

የጣቢያው ሥርዓት ደግሞ እንዲህ ነው። መኪናው ሰሌዳው ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሹፌሩ ወረቀቱን ይዞ ይወርድና ወደ መስኮቱ ይመጣል። ባሌ ከውስጥ ሆኖ «ሹፌር ይውረድ!» ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በቀን ስልሳና ሰባ ጊዜ «ሹፌር ይውረድ!»። ልጃችን አፏን ስትፈታ ከ«አባ» ቀጥላ ያወጣችው ቃል ይኸው ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

እነዚያ ሹፌሮች በመስኮቱ ሲያወሩ አንድ ቦታ ይጠሩለት ነበር። አስፋልቱ አልቆ፣ ኮረብታዎቹን አልፎ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በጠጠርና በአሸዋ ተሂዶ የሚገኝ የደረቀ ሐይቅ። ነጭ ነው አሉ፤ ዓይን እስኪደክመው ነጭ። አንድ ጫማህን መሬት ላይ ትተህ አንድ ሰዓት ብትሄድ ዞር ስትል ጫማህ ይታይሃል አሉ። እሱ ማታ ሲገባ ይህን ለኔ ያወራል፣ እኔ ልብስ እየሰፋሁ እሰማለሁ፣ በመጨረሻ «አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት! ነጩ ሜዳ ይቅርና ያቺን ሚዛን ጣቢያ አልፌ አላውቅም። እሱም አያውቅም። የሰው መኪና ሲያሳልፍ ኖረ እንጂ።

አምና የአጥንት ሐኪሙ ጉልበቴን ገለባብጦ አየና «እትዬ፣ ቀዶ ጥገናው ከዚህ ዓመት አያልፍም። ከዚያ በኋላ ኮረኮንች መንገድ የሚባል እርሺው። መሄድ የምትፈልጊበት ካለ አሁን ሂጂ» አለኝ። እቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። ኮቱን አንስቶ ወጣና ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪና ይዞ መጣ።

መኪና ካላችሁት ነው። አሮጌ ፎር ዊል ነው፣ ድሮ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ሲጋልቡት የኖረ። ቀለሙ ምን እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም፤ እሱ አረንጓዴ ይላል፣ እኔ ዝገት እላለሁ። ግን ሞተሩ ደህና ነበር፣ ባልስትራውም አዲስ። እኔ እንደሆንኩ ያን ቀን ፍራሽና ብርድ ልብስ ጥለንበት፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይዘን ብንወጣ ደስታዬ ነበር።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩት።

«መጀመሪያ ይሰናዳ» አለኝ።

ይሰናዳ ያለው ነገር ዘጠኝ ወር ፈጀ። ጎረቤታችን ያለው በያጅ ሥራውን ሁሉ ትቶ የኛ ሰው ሆነ። ጣራው ላይ የብረት ፖርቶመጋላ ተበየደ፤ እላዩ ላይ ታጥፎ የሚዘረጋ ድንኳን ከነመሰላሉ ተጫነ። ከኋላ የእንጨት መሳቢያዎች ተሠሩ። ፍሪጅ ገባ፤ ለፍሪጁ ሌላ ባትሪ ገባ። የውኃ በርሜል፣ ሙቅ ውኃ የሚያፈስ ቧንቧ፣ ገላ መታጠቢያ መጋረጃ፣ ቁጭ ተብሎበት የሚጸዳዱበት ሳጥን፣ ባለመደገፊያ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ጥላ፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ራሱን በገመድ የሚጎትትበት ዊንች። ከቤት ወደ መኪና የሚሄደው ዕቃ ከመብዛቱ የተነሳ ቤቱ ሲያስተጋባ መስማት ጀመርኩ።

ሁሉም ግን መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት በሳሎኑ ሚዛን ያልፋል። ባሌ ዕቃውን ታቅፎ ይቆማል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ የራሱን ሰማንያ ይቀንሳል፣ ይጽፋል። ስኮርታውን ታቅፎ! ባትሪውን ታቅፎ! ማንኪያውን ይዞ ቆሞ ሰማንያ፣ ሳይዝ ቆሞ ሰማንያ ሲሆንበት እንዴት እንደተናደደ አትጠይቁኝ፤ ማንኪያ ኪሎ የለውም ብሎ መጻፍ አቃተው። በስተመጨረሻ ማንኪያውን፣ ቢላዋውን፣ ክብሪቱንና ሳሙናውን አንድ ከረጢት አድርጎ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ እስኪል ጨመረበት። በየማለዳው ደግሞ ባዶ እጁን ይቆማል፤ ሰማንያነቱን ለማረጋገጥ። «እኔ ከወፈርኩ ሂሳቡ ሁሉ ይበላሻል» ይለኛል። ትርፍ ጉርሻ ብሰጠው እንደ መርዝ ነው የሚያየው።

ደብተሩን እንደ ጣቢያው ቅጽ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮታል፤ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ኪሎ፣ ተረካቢ። ተረካቢ ማለት ጭነቱን መድረሻው ላይ ፈርሞ የሚቀበለው ሰው ነው።

«ለሽርሽር መኪና ተረካቢ ምን ይሠራል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ቅጽ ቅጽ ነው» አለና ደብተሩን ደረት ኪሱ ከተተ።

እኔም ከዚያ በኋላ ደብተሩን ዞር ብዬ አላየሁትም። ስንት ሥራ አለብኝ! የድንኳኑን ስፌት ሁሉ ያጠናከርኩት እኔ ነኝ፣ የመሳቢያውን መጋረጃ፣ የጥላውን ጠርዝ፣ የውኃ በርሜሉን ቀሚስ። አዎ፣ በርሜል ቀሚስ ለብሷል። እዚያ ላይ ነበር የምንጣላው። እኔ ጨርቅ ስቆርጥ ለስፌት ሁለት ጣት ትርፍ እተዋለሁ፤ ልብስ ይሸበሸባል፣ ሰው ይወፍራል፣ እጅ ይስታል። እሱ አጠገቤ ቆሞ «ይኼ ትርፍ ምንድነው? ኪሎ እኮ ነው» ይለኛል። «ትርፍ የሌለው ልብስ ሰው ሲቀመጥበት ይተረተራል» እለዋለሁ። አይገባውም። እሱ ዘንድ ልክ ማለት ልክ ነው።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከኋላዬ መጥቶ «እስቲ ልዘልሽ» አለኝ።

«ምን አልከኝ?»

«ልዘልሽ። ጉልበትሽን ሚዛን ላይ... ማለቴ ጉልበትሽን አሞሽ የለ?»

ኧረ እኔ ልሙት፣ ፊቴ ጋለ! ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ይህ ሰው ፍቅር ትዝ ብሎት ነው ብዬ እንደ ልጅ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እያቃሰተ አዝሎኝ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሄደ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ ከእግሩ በታች ያቺን ቀጭን «ቲክ» ሰማኋት።

«መቶ ሃምሳ አራት» አለ እያለከለከ። «ሰማንያ ሲቀነስ፣ ሰባ አራት።»

ጀርባውን በቡጢ መትቼ ወረድኩ።

በማግስቱ እሁድ ልጃችን መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ አባቷን የምትወድ፣ ግን ሳቋን መቆጣጠር የማትችል ልጅ ናት። ምሳ እንደበላን አባቷ ተነሳ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ደብተሩን ገለጠ።

«ሊብሬው ላይ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነው። ባዶውን ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ። ስለዚህ የተፈቀደልን ስምንት መቶ ኪሎ ነው። የተጫነው ዕቃ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት። ቀሪ ስልሳ ሁለት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እናትሽ ሰባ አራት ናት።»

«አሥራ ሁለት ኪሎ ትርፍ ነሽ» አለኝ፤ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

«አባ!» አለች ልጄ። «እማን ጭነት አልካት?»

«ጭነት አላልኩም። ተሳፋሪ ናት። ተሳፋሪም ኪሎ አለው።»

ልጅቷ ፊቷን በሶፋ ትራስ ሸፍና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ፍሪጁን አውርደው!» አልኩት። ፍሪጁ አይሆንም አለኝ። «ዊንቹን አውርድ!» ዊንቹ አይሆንም። «ያንን የሽንት ቤት ሳጥን አውርድልኝ!» እሱማ ጨርሶ አይሆንም። «ለምን?» ስለው «አስፈላጊ ነው» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ይህ ሰው ለሰው ማስረዳት አያውቅም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቁጥር ሲናገር ኖሮ።

«እና እኔ ነኝ አስፈላጊ ያልሆንኩት?» አልኩት።

«እንደሱ አላልኩም። መንገዱ ላይ ጣቢያውን እናልፋለን። ትርፍ ይዤ አላልፍም። እኔ እኮ ፍንክች ነኝ።»

ያን ለት ሆድ ባሰኝ። ቢያስቃችሁም ሆድ ባሰኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሰው ለኔ ብሎ የሚደክም መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለፍሪጅ ቦታ ሲኖር ለኔ የለም። ያንን ነጭ ሜዳ ማየት እፈልግ ነበር፣ ደግሞ ከሱ ጋር፣ ከሱ አጠገብ ጋቢና ተቀምጬ። ዓመቱ ደግሞ እያለቀ ነው፣ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር መጮህ ጀምሯል። ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ይቅርታ አልጠየቀኝም። መሰርሰሪያ ገዛ።

ዕቃውን ሁሉ መብሳት ጀመረ። የመሳቢያዎቹን እንጨት ወንፊት አስመሰለው። መሰላሉን በሳው፣ የጠረጴዛውን እግር በሳው፣ የመጥበሻውን እጀታ፣ የማንኪያዋን እጀታ። ጭልፋውን ሲበሳው ማጥለያ ሆኖ ቀረ። የጥርስ ብሩሹን ለሁለት ቆረጠው። ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የማናውቃቸውን ቋንቋዎች ገጽ በምላጭ አወጣ። ከሶፍት ጥቅልል ውስጥ ካርቶኑን ጎትቶ ጣለ። በያጁ መጥቶ ያንን ሁሉ የበየደውን ብረት ተበሳስቶ ሲያየው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሄደ፤ ለሳምንት ሰላም አላለንም። በሦስተኛው ቀን ኩባያዬን ከመደርደሪያ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።

«አንተ ሰውዬ! ኩባያ ቢበሳ በምን ልጠጣ ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ስላናገርኩት ነው መሰለኝ ፊቱ ፈካ። ኩባያውን አስቀመጠና ወጥቶ ከጓሮ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ጎትቶ መጣ። ታቅፎት ሚዛኑ ላይ ቆመ። ዘጠና ሁለት። ከረጢቱን እግሬ ሥር አስቀምጦ አፉን ፈታው፤ የእንጨት ሰጋቱራ፣ የብረት ብናኝ፣ ግማሽ የጥርስ ብሩሽ፣ የካርቶን ቱቦ።

«ይኸው» አለኝ። «አሥራ ሁለት ኪሎ። ቦታሽ።»

እስቲ ፍረዱኝ፣ በዚህ ሰው ላይ እንዴት ይቆጣሉ? አንድ ማዳበሪያ ቆሻሻ ሰጥቶኝ አንጀቴ ቅልጥ አለ። ሻይ አፈላሁለት።

የምንሄድበት ማለዳ ደረሰ። ቁርስ ተከልክያለሁ። «ሻይ ብቻ፣ እሱም ግማሽ ኩባያ» አለኝ፤ ራሱም ባዶ ሆዱን ነው። የጆሮ ጉትቻዬን አይቶ ትንሽ አመነታ፣ ግን ዓይኔን ሲያየው ተወው። ጋቢና ገባሁ። እሱ መሪውን ጨበጠ። ከነዚያ ሁሉ ቀዳዳዎች ነፋስ ሲገባ መኪናው ያፏጫል። በመንገድ ያሉ ሰዎች ሁሉ ዞር ዞር ብለው ያዩናል፣ እኔም እንደ ንግሥት እጄን አውለበልባለሁ።

ጣቢያው ደረስን። የኔ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ሰሌዳው።

ተተኪው በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ድሮ የባሌ ምክትል የነበረ፣ ወፍራምና ቅን ሰው ነው። «ጋሼ! ኧረ ጋሼ! የቤት መኪና እኮ አይመዘንም! እለፉ፣ መልካም መንገድ!»

«ይመዘናል» አለ ባሌ።

ከኋላችን የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። አንዱ ጡሩምባ ነፋ። ሌላው አንገቱን አውጥቶ አየና ጮኸ፤ «ፍንክች ነው! ኧረ ፍንክች ራሱ ሊመዘን ነው!» ወሬው በሰልፉ ላይ እንደ እሳት ሄደ። ስንቱን መልሷል ይህ ሰው! ሞተራቸውን እያጠፉ ወርደው ከበቡን።

ባሌ ሞተር አጠፋ። ሊብሬውን ይዞ ወረደ። ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከውስጥ ሆኖ ያየውን መንገድ አሁን ከውጭ። እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ቀና ብዬ አያለሁ። ከላይ ቀዩ ቁጥር ዞረ ዞረና ቆመ።

ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ።

ድፍን! አንዲት ነገር ሳትጎድል፣ አንዲት ሳትተርፍ። ሹፌሮቹ እንኳ አጨበጨቡ። ባሌ ያን ቀን የሃያ ዓመት ወጣት መሰለ። ተተኪውን በመስኮቱ ጨበጠው፣ ሹፌሮቹን ጨበጠ፣ የማያውቀውን ሰው ጨበጠ። እኔም ኮራሁበት፣ ምን አባቴ ልዋሽ። ተመልሶ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ገብቶ ተቀመጠ።

ከላይ ቁጥሩ ዞረ። ሦስት ሺህ ሠላሳ።

ድምፅ ማጉያው ተንጫጫ። «እ... ጋሼ» አለ ተተኪው፣ አፍሮ። «ይቅርታ ጋሼ። ሰማንያ ኪሎ ትርፍ።»

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለ ባሌና ወረደ። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። «ይኸው ተስተካከለ» አለና ወጣ። ሦስት ሺህ ሠላሳ። ወረደ፤ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። አንድ እግሩን ብቻ መርገጫው ላይ አደረገና ቀና ብሎ አየ፤ ዘጠኝ መቶ ዘጠና። እግሩን አነሳ። ግራ ተጋብቶ በመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሰው የተደበቀ መስሎት።

«ኧረ ጌታው፣ ትርፉ አንተው ነህ!» አለው አንድ ሹፌር፣ እምባው እስኪመጣ እየሳቀ።

ባሌ ደብተሩን አወጣ። ገጽ ገለጠ። ከተራ ቁጥር አንድ ጀምሮ በጣቱ እየጠቆመ ወረደ፤ እስከ መቶ አሥራ ሰባት። ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ወረደ። ሹፌሮቹ ሳቃቸውን እያቆሙ መጡ።

«የለሁም» አለ ቀስ ብሎ። «አልጻፍኩም።»

ሹፌር ይወርዳል እንጂ ይመዘናል እንዴ? እሱ ዘንድ ሹፌር ኪሎ የለውም። መስኮት ላይ ወረቀት ይዞ የሚቆም ሰው ነው። በቃ፣ ራሱን ረሳው!

ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትርፍ ይራገፋል» አለና ቁልፉን በመስኮቱ አቀበለኝ። «ሌላ ሹፌር ፈልገን ትሄጃለሽ።»

«ሌላው ሹፌር ኪሎ የለውም?»

አሰበ። «ልጃችን ቀላል ናት።»

«ልጅህ ሃምሳ ስድስት ናት! ዜሮ ኪሎ የሚመዝን ሹፌር ከየት አባቴ ላምጣልህ?»

ሄዶ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፤ ጭነታቸው የተመለሰባቸው ሹፌሮች አንገታቸውን ደፍተው የሚቀመጡባት ጠርዝ ላይ። ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ነው። «አንቺ ብታዪው ይበቃኝ ነበር» አለ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ።

ወረድኩ። ጉልበቴ ጮኸ፣ ይጩኽ። ደብተሩን ከእጁ መነተፍኩት፣ ልቀድደው ነበር የፈለግኩት፣ ሐቁን ልንገራችሁ። ዓይኔ ግን አራተኛው ረድፍ ላይ አረፈ።

ፍሪጅ፣ ለጉልበት በረዶ፣ ሃያ ሁለት ኪሎ፤ ተረካቢ እሷ። ለፍሪጅ ባትሪ፣ አሥራ ስድስት፤ ተረካቢ እሷ። ዊንች፣ ወርዳ እንዳትገፋ፤ እሷ። ባለመደገፊያ ወንበር፤ እሷ። መሰላል፣ ሰፊ ደረጃ ያለው፤ እሷ። ሳጥኑ፣ ቁጢጥ ማለት ስለማትችል፤ እሷ። ሙቅ ውኃ፤ እሷ። ገለበጥኩ፤ እሷ፣ እሷ፣ እሷ። ትራስ፣ አንድ። ኩባያ፣ አንድ። ማንኪያ፣ አንድ። ለራሱ ካልሲ እንኳ አልጻፈም።

አንጀቴን በላው። እኔን ቦታ ያሳጣኝ ለኔው የተጫነው ነበር። ይህ ሰው መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ራሱን ቀንሶ ወርዷል፤ አንድ ጊዜ እንኳ መልሶ አልደመረም። እዚያው ሰሌዳው አጠገብ፣ በዚያ ሁሉ ሹፌር ፊት፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ተናደድኩ። ከሱ ጋር ስኖር ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ያዙልኝ እንጂ!» አልኩ ሹፌሮቹን።

እንዴት ደስ እንዳላቸው! የፍንክችን ጭነት ማራገፍ! ፍሪጁ ከነባትሪው ወረደ። ሁለተኛው ስኮርታ ወረደ። ወንበሩና ጠረጴዛው ወረዱ፣ መጋረጃው፣ ሳጥኑ።

«ሳጥኑን ተዪው!» አለ ባሌ ከጠርዙ ላይ ብድግ ብሎ። «ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴን አንተ ትይዘኛለህ!» አልኩት፤ ሹፌሮቹ ሁሉ ሰሙ። «አሁን ግባ።»

ገባ። እኔም ገባሁ። ሁላችንም ቀና አልን። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ።

«አሥር ኪሎ ይቀራል!» አለና በሩን ሊከፍት ቃጣ። «ወንበሩ እኮ ይገባል፤ ወንበሩን መልሱት...»

ክንዱን ያዝኩት። «ፍንክች የለም!»

ያ ሁሉ ሹፌር በአንድ ድምፅ ሳቀ። ተተኪው ድምፅ ማጉያውን እንደከፈተ ረስቶት ሳቁ በጣቢያው ሁሉ አስተጋባ። ባሌ ግንባሩን ቋጥሮ አየኝ።

«አሥሩ ምንድነው?»

«ለስፌት ነው» አልኩት።

ተተኪው የተራገፈውን ዕቃ መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ ቆረጠልን። ባሌ ከመነሳታችን በፊት ደብተሩን ከፈተና መሪው ላይ አስደግፎ አንድ መስመር ጻፈ። ላየው ስል ዘጋብኝ። ሰልፉ በሙሉ ጡሩምባ እየነፋ ሸኘን፤ እኛም በነዚያ ቀዳዳዎች እያፏጨን አለፍን። ጣቢያዋን አለፍኳት! ዞር ብዬ አየኋት፣ ከዚያ በኩል ስትታይ ትንሽዬ ናት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረስን። ነጭ ነው። ስለሱ ብዙ አላወራም፤ ሹፌሮቹ አልዋሹም። ባሌ እጄን ትከሻው ላይ አስደግፎ አወረደኝ። ጫማዬን አወለቅኩና መሬት ላይ ትቼው፣ ክንዱን ይዤ አንድ ሰዓት ባይሆንም አሥር ደቂቃ ሄድን። ዞር ስንል ጫማዬ ይታያል። ከዚያ ተመልሰን መኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጥን፣ ያችን አንድ ኩባያ እየተቀባበልን ሻይ ጠጣን።

ባሌ ደብተሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። «ጭነት ሲደርስ ይፈረማል» አለና አቀበለኝ።

ተራ ቁጥር መቶ አሥራ ስምንት። ሹፌር። ሰማንያ ኪሎ። ተረካቢ፤ እሷ።

ሳቅሁ። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ። በገጹ ጠርዝ ላይ ዕቃው በምን ሁኔታ እንደደረሰ የሚጻፍበት ትንሽ ቦታ አለ። «ያረጀ ነው፣ ግን አንድም አልጎደለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።